በዕድሜ የገፉ ወላጆችን በማስታመም ሂደት የሚነሡ የሕግ ጥያቄዎች

መግቢያ

አንድ የ78 ዓመት አዛውንት በስትሮክ ምክንያት በውስጥ ደዌ ክፍል ከተኙ አራተኛ ቀናቸው ነው። ቀኝ ጎናቸው አይታዘዝም፤ አንደበታቸውም ተይዟል፤ ሰው ሲያናግራቸው ግን ዓይናቸውን አቅንተው ያዳምጣሉ። ለዓመታት አብራቸው የኖረችውና የጦረቻቸው ታላቅ ሴት ልጃቸው አንድ የተጻፈ ወረቀትና የጣት አሻራ ማንሻ ቀለም ይዛ ወደ ተረኛዋ ነርስ ትቀርባለች። «ሲስተርዬ፣ አባቴ ይሰማሉ። ጣታቸውን ላስነካቸውና አንቺ ምስክር ሆነሽ ፈርሚልኝ። የባንክ ገንዘባቸው ካልወጣ ለምርመራውም ለመድኃኒቱም የምከፍለው የለኝም» ትላለች። ከአንድ ሰዓት በኋላ ደግሞ ከሌላ ከተማ የመጣው ወንድሟ ሐኪሙን ወደ ጥግ ጠርቶ «አባታችን ራሳቸውን አያውቁም ብለው ይጻፉልኝ፤ እኅቴ ቤቱን በስሟ ልታዞር ነው» ይላል።

ይህ የአንድ ሕመምተኛ ታሪክ አይደለም፤ በሕሙማን መኝታ ክፍሎች የሠራ ሁሉ የሚያውቃቸው ብዙ ገጠመኞች በአንድ ላይ የተሳሉበት ነው። ልጅቱ ቅን ልትሆን ትችላለች፤ ወንድምየውም እንዲሁ። ይሁን እንጂ ሁለቱም ከጤና ባለሙያው የሚጠይቁት ፊርማ ከሆስፒታሉ ግቢ ወጥቶ ከዓመታት በኋላ በፍርድ ቤት መዝገብ ውስጥ ሊገኝ የሚችል ነው። በሕክምና ትምህርት ቤቶቻችን ስለ ስትሮክ ብዙ ተምረናል፤ በአልጋው ጠርዝ ስለሚቀርበው ወረቀት ግን የተማርነው ጥቂት ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የጤና ባለሙያውን ጠበቃ ማድረግ ሳይሆን፣ ቤተሰቡ ሲጠይቀው ሕጉ ምን እንደሚልና የእርሱ ድርሻ እስከ ምን እንደሚደርስ ለይቶ እንዲያውቅ መርዳት ነው።

ሕጉ የሚነሣበት ግምት

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የሚነሣው ከአንድ መሠረታዊ ሐሳብ ነው፤ ማንኛውም ሰው ሕጉ ችሎታ የለውም ብሎ ካልወሰነ በስተቀር በሕግ ፊት የሚጸኑ ተግባሮችን ለመፈጸም ችሎታ አለው (አንቀጽ 192)። ችሎታ እንዳለ ይገመታል፤ የለም የሚል ወገን ማስረዳት ይኖርበታል (አንቀጽ 196)። በዚህ ላይ የዕድሜ ጣሪያ አልተደረገም። ሰው 18 ዓመት ሲሞላው ያገኘውን ችሎታ 80 ወይም 90 ዓመት ስለሞላው ብቻ አያጣውም። «አርጅተዋል፣ እንግዲህ እኛ እንወስን» የሚለው የብዙ ቤተሰብ አነጋገር ከፍቅር የመነጨ ሊሆን ቢችልም በሕግ ረገድ መሠረት የለውም።

ሕጉ ስለ መጃጀት ዝም አላለም። በአንቀጽ 339 መሠረት በአእምሮ ሕመም ወይም በመጃጀት ምክንያት የሚፈጽመውን ተግባር ክብደት ለመረዳት የማይችል ሰው የሕግ ጥበቃ ይደረግለታል። የሕጉ ቃላት ዛሬ ለሕመምተኛ ከምንጠቀምባቸው ቃላት ይልቅ የከበዱ ናቸው፤ የተጻፈበትን ዘመን ማስታወስ ይገባል። ቀጥሎ ያለው አንቀጽ 340 ዓይነ ስውራንን፣ መስማትና መናገር የተሳናቸውንና በማይድን የአካል ድካም ምክንያት ራሳቸውን ወይም ንብረታቸውን መጠበቅ ያቃታቸውን ሰዎች የሚመለከት ሲሆን፣ እነዚህ ሰዎች ከፈለጉ ያንኑ ጥበቃ ለራሳቸው ጥቅም ሊጠይቁ ይችላሉ። ልብ ሊባል የሚገባው «ከፈለጉ» የሚለው ነው። ዓይናቸው በካታራክት የጠፋ እናት ንብረታቸውን ልጆቻቸው እንዲረከቡባቸው የሚያስገድድ ድንጋጌ የለም።

ለሆስፒታል ሠራተኛ በተለየ ሁኔታ የሚጠቅመው አንቀጽ 341 ነው። አንድ ሰው በአእምሮው ሁኔታ ምክንያት በሆስፒታል፣ በአእምሮ ሕሙማን ተቋም ወይም በመጦሪያ ቤት ተኝቶ በሚታከምበት ወይም በሚጠበቅበት ጊዜ ሁሉ የአእምሮ ጉድለቱ በግልጽ የታወቀ እንደሆነ ይቆጠራል። በዚያ ጊዜ የተፈረመ ውልም በራሱ፣ በወኪሎቹ ወይም በወራሾቹ ሊነቀፍ ይችላል። ስለዚህ ሕመምተኛው የገባበትና የወጣበት ቀን፣ የተኛበትም ምክንያት በካርዱ ላይ በትክክል መመዝገቡ የቢሮ ሥርዓት ብቻ አይደለም። በተቃራኒው በሳንባ ምች ተኝቶ የታከመን አዛውንት ማንም ሰው «ሆስፒታል ነበሩና አእምሯቸው ልክ አልነበረም» ሊል አይችልም።

የሐኪሙ ምርመራ

ፍርድ ቤትም ሆነ ውል የሚያረጋግጥ ባለሥልጣን ከሐኪም የሚፈልገው የሕግ ውሳኔ ሳይሆን የሕክምና ግኝት ነው። ይህን ግኝት በትክክል ለማቅረብ በመጀመሪያ ሊድን የሚችለውን ከማይድነው መለየት ያስፈልጋል። ትናንት ልጆቻቸውን በስም ሲጠሩ የነበሩ አዛውንት ዛሬ ግራ ከተጋቡ፣ ሌሊት ሲቃዡ አድረው ረፋዱ ላይ ከተረጋጉ፣ ይህ ዲሜንሺያ ሳይሆን ዴሊሪየም ሊሆን ይችላል። የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ የሰውነት ፈሳሽ ማነስ፣ የስኳር ወይም የሶዲየም መውረድ፣ የሽንት መታገድ፣ እንዲሁም እንደ ዲያዜፓምና አሚትሪፕቲሊን ያሉ መድኃኒቶች በዕድሜ የገፋን ሰው በሰዓታት ውስጥ ግራ ሊያጋቡ ይችላሉ። ከሳምንታት በፊት ወድቀው ጭንቅላታቸውን የተመቱ ከሆነ በራስ ቅል ውስጥ የተጠራቀመ ደም መኖሩን ማሰብ ይገባል። ከባድ ድባቴም ዲሜንሺያ መስሎ ይታያል። እነዚህ ሁሉ ሳይጣሩ «ራሳቸውን አያውቁም» የሚል ማስረጃ መጻፍ ሕመምተኛውን ሁለት ጊዜ መጉዳት ነው፤ አንድም ሊድን የሚችለውን በሽታ ሳያክሙ መተው፣ አንድም መብቱን ማስነጠቅ።

ሁለተኛው ጥንቃቄ የምንጠቀምባቸውን መመዘኛዎች ይመለከታል። በሰፊው የሚሠራበት ሚኒ ሜንታል ስቴት የተባለው መመዘኛ ማንበብን፣ ዓረፍተ ነገር መጻፍን፣ ሥዕል መገልበጥንና ከመቶ ሰባት ሰባት እየቀነሱ መቁጠርን ይጠይቃል። ዕድሜ ልካቸውን ብዕር ጨብጠው የማያውቁ ገበሬ በዚህ ነጥብ ቢያጡ የጠፋው ትምህርት እንጂ አእምሮ አይደለም። ቀኑን ስንጠይቃቸው ቁጥሩን ላይጠሩ ይችላሉ፤ «ዛሬማ ሚካኤል አይደል» ካሉና ዕለቱ ወር በገባ በ12ኛው ቀን ከሆነ ግን ጊዜን ከብዙዎቻችን በተሻለ ያውቃሉ ማለት ነው። ዕለቱ ጁምዓ መሆኑን፣ ረመዳን ስንት ቀን እንደቀረው የሚያውቁም እንዲሁ። መነጽራቸውን ሳያደርጉ፣ ጆሯቸው እንደማይሰማ ሳይታወቅ፣ በማይናገሩት ቋንቋ የሚደረግ ምርመራም ዋጋ የለውም። አስተርጓሚ ካስፈለገ በጉዳዩ ጥቅም ያለው ልጅ መሆን የለበትም።

ዋናው ነገር ችሎታ በአጠቃላይ የሚለካ አለመሆኑ ነው፤ የሚለካው ለተያዘው ጉዳይ ነው። ሦስት ክፍል የሚያከራዩ ሰው የኪራይ ሒሳባቸውን መያዝ ቢያቅታቸውም «ገንዘቤን ታላቋ ልጄ ትያዝልኝ፣ ትንሹ ግን ያጠፋዋል» ማለት ሊችሉ ይችላሉ፤ ይህም ውክልና ለመስጠት የሚያስፈልገው ማስተዋል ነው። ስለዚህ መርማሪው አራት ነገሮችን ይጠይቅ፤ የቀረበላቸውን ጉዳይ ተረድተዋል ወይ? በእርሳቸው ኑሮ ላይ የሚያመጣውን ውጤት ይገነዘባሉ ወይ? አማራጮቹን አመዛዝነው ምክንያት መስጠት ይችላሉ ወይ? ምርጫቸውንስ በማናቸውም መንገድ መግለጽ ይችላሉ ወይ? አንደበት መያዝ አራተኛውን ያስቸግራል እንጂ የመጀመሪያዎቹን ሦስቱን በግድ አያጠፋም። እንደ መግቢያው አዛውንት ላሉት በራስ ንቅናቄ ወይም በእጅ ጭበጣ የሚመለሱ ጥያቄዎች ይቀርባሉ፤ አንዱ ጥያቄ በተለያየ አኳኋን፣ አንድ ጊዜ «አዎን» በሚያሰኝ፣ ሌላ ጊዜ «አይደለም» በሚያሰኝ መንገድ ተደጋግሞ መልሱ የማይለዋወጥ መሆኑ ይታያል። በማግስቱም ይደገማል። ምርመራው ሲካሄድ ልጆቹ ከክፍሉ እንዲወጡ በትሕትና መጠየቅ ያስፈልጋል፤ አብዛኛው ቤተሰብ ምክንያቱ ሲነገረው ይቀበላል።

በካርዱ ላይ የሚጻፈውም «አእምሮው ጤነኛ ነው» ወይም «አይደለም» የሚል አንድ መስመር መሆን የለበትም። ቀኑና ሰዓቱ፣ የተጠየቀው ጥያቄ፣ የተሰጠው መልስ በሕመምተኛው አነጋገር፣ ቀደም ባሉት ሰዓታት የተሰጡ መድኃኒቶች፣ በቦታው የነበሩ ሰዎች ይጻፉ። ከአምስት ዓመት በኋላ ሐኪሙ ለምስክርነት ቢጠራ የሚያስታውሰው ፊታቸውን ሳይሆን ይህን ጽሑፍ ነው። ሳይመረምሩ፣ ወይም ያዩትን ለውጦ ለቤተሰብ እንዲመች አድርጎ የሐሰት የሕክምና ማስረጃ መስጠት ደግሞ በወንጀል ያስጠይቃል።

ስለ ውክልና

ቤተሰቦች ብዙውን ጊዜ የሚፈልጉት ውክልና ነው፤ ብዙውን ጊዜም ዘግይተው ይጠይቁታል። በዚህ ጉዳይ ላይ አንድ ነገር ብቻ ለቤተሰብ መንገር የሚቻል ቢሆን፣ ልንገር የምለው ይህንን ነው፦ ውክልና የሚሰጠው ማስተዋል ባለበት ጊዜ ነው፤ ተቃራኒ ስምምነት ከሌለም በስተቀር ወካዩ ሲሞት ወይም ችሎታ ሲያጣ ውክልናው ይቋረጣል (አንቀጽ 2232)። ብዙ ልጆች «አባባ ቢጃጁም ውክልናው በእጄ ነው» ብለው በቅን ልቦና ሲሠሩበት ይኖራሉ፤ ከሞት በኋላም ገንዘብ ያወጡበታል። ይህ ግን ከሌሎች ወራሾች ጋር ወደ ክርክር፣ አንዳንዴም ወደ ወንጀል ክስ የሚያመራ መንገድ ነው። ስለዚህ ዲሜንሺያ በመጀመሪያ ደረጃው ላይ ሲታወቅ፣ የፓርኪንሰን በሽታ ወይም የመጀመሪያው ትንሽ ስትሮክ ሲገኝ፣ ሐኪሙ ስለ መድኃኒቱ ከተናገረ በኋላ «ንብረትዎን በሚመለከት የሚያምኑትን ሰው አሁኑኑ ያስቡ፤ የሕግ ባለሙያም ያማክሩ» ማለቱ ከሕክምናው ተለይቶ የሚታይ አይደለም። ሕመምተኛው ራሱ የሚወስንበት ጊዜ የሚገኘው ያን ጊዜ ብቻ ነውና።

የውክልናው ዓይነትም ለውጥ ያመጣል። ጠቅላላ ውክልና የሚያሠራው የአስተዳደር ሥራዎችን ብቻ ነው (አንቀጽ 2204)፤ ኪራይ መሰብሰብን፣ ዕዳ መክፈልንና የመሳሰሉትን። ቤት ለመሸጥ፣ ለማስያዝ፣ ስጦታ ለማድረግ፣ በፍርድ ቤት ለመክሰስ ወይም ለመከሰስ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል (አንቀጽ 2205)። የውክልና ሰነድ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 922/2008 መሠረት ሥልጣን ባለው አካል ፊት መረጋገጥና መመዝገብ አለበት። የሚያረጋግጠው ባለሥልጣን የፈራሚውን ማንነት ብቻ ሳይሆን ችሎታውንም ማጣራት ይጠበቅበታል። ውክልና ሰጪው ማስተዋሉ እስካለ ድረስ ውክልናውን በማናቸውም ጊዜ ሊሽር መቻሉን ራሱም ሆነ ልጆቹ ማወቅ ይገባቸዋል።

አሁን ወደ ነርሷ እንመለስ። ያለ ማረጋገጫ በአልጋ ላይ የተነካ የጣት አሻራ ለልጅቱ የባንኩን ገንዘብ አያስገኝላትም፤ የነርሷ ፊርማም ይህን አይለውጠውም፤ ነርሷን ግን ወደማታውቀው ክርክር ያስገባታል። ስለዚህ የነርሷ መልስ «አልፈርምም» ብቻ ከሆነ እውነት ቢሆንም ያልተሟላ ነው። የተሟላው መልስ ሕመምተኛው ወደ ጽሕፈት ቤቱ መሄድ ካልቻሉ የሚያረጋግጠው ሠራተኛ ወዳሉበት እንዲመጣ ማመልከት እንደሚቻል መንገር፣ ለዚህም ስለ ሁኔታቸው ከሐኪሙ የጽሑፍ ማስረጃ ሊያስፈልግ እንደሚችል ማስረዳት፣ እስከዚያው ድረስ የምርመራውን ወጪ በሚመለከት ወደ ሆስፒታሉ የማኅበራዊ አገልግሎት ባለሙያ መምራት ነው። ሐኪሙም በጠዋት፣ ሕመምተኛው ንቁ በሚሆኑበት ሰዓት፣ ከላይ የተገለጸውን ምርመራ ያደርጋል። ለወንድምየው የሚሰጠው መልስም ይኸው ነው፤ ምርመራው ያሳየው ይጻፋል፣ ያላሳየው አይጻፍም።

በፍርድ ስለ መከልከል

ሕመምተኛው ማስተዋላቸውን በእርግጥ ካጡ ውክልና አይሠራም፤ የሚቀረው መንገድ ፍርድ ቤት ነው። የራስ ጤንነትና ጥቅም የሚጠይቅ ሲሆን ፍርድ ቤቱ ሰውየውን በፍርድ ሊከለክል ይችላል (አንቀጽ 351)። አቤቱታውን ራሱ ሕመምተኛው፣ የትዳር ጓደኛው፣ የሥጋ ወይም የጋብቻ ዘመዶቹ ወይም ዐቃቤ ሕግ ሊያቀርቡ ይችላሉ (አንቀጽ 353)። ክልከላው ሲወሰን ሁለት ዓይነት ኃላፊነት ይፈጠራል፤ አሳዳሪው የሰውየውን አካልና ኑሮ ይጠብቃል፣ ሞግዚቱ ደግሞ ንብረቱን ያስተዳድራል። አንድ ሰው ሁለቱንም ሊይዝ ይችላል። ሞግዚት መሆን ግን ባለቤት መሆን አይደለም፤ ሒሳብ ማቅረብ አለበት፣ ቤት መሸጥን የመሰለ ከባድ ተግባርም ያለ ፍርድ ቤት ፈቃድ አይፈጽምም።

ጉዳዩ በትዳር ውስጥ ሲሆን ሌላ ችግር ይከተላል። የጋራ የሆነ የማይንቀሳቀስ ንብረት የሚሸጠው በባልና ሚስት ስምምነት ነው። እናት ተጃጅተው አባት ለሕክምናቸው ሲሉ ቤቱን ለመሸጥ ቢፈልጉ፣ የሐሳባቸው ቅንነት የሚስታቸውን ፈቃድ አይተካም። በዚህ ጊዜ ሐኪሙ የሚሰጠው ማስረጃ ለፍርድ ቤቱ የመጀመሪያው መነሻ ስለሚሆን የሕመሙን ስም ብቻ ሳይሆን ሰውየው የሚችለውንና የማይችለውን፣ የመሻሻል ተስፋ መኖር አለመኖሩንም መግለጽ አለበት።

በፍርድ መከልከል ከባድ እርምጃ ነው። አንድን ሰው በሕግ ፊት ወደ ሕፃንነት የሚመልስ በመሆኑ፣ በውክልና ወይም በቤተ ዘመድ ምክክር ሊፈታ የሚችል ጉዳይ ሁሉ ወደዚህ እንዲሄድ መገፋፋት አይገባም ብዬ አምናለሁ። በሌላ በኩል የአዛውንቱን ንብረት ሁሉም ልጅ በየፊናው በሚወስድበት ቤት ይህ ክልከላ ብቸኛው መከላከያ ሊሆን ይችላል።

ኑዛዜ በሕመም አልጋ ላይ

በአገራችን ኑዛዜ ሲታሰብ የሚታየው የሞት አልጋ ነው። ብዙ ሰው ጤና ሳለ መናዘዝን እንደ ሟርት ይቆጥረዋል፤ ነፍስ አባትም፣ ሽማግሌም፣ ሐኪምም የሚጠሩት በመጨረሻው ሰዓት ነው። በመሆኑም ዎርድ ውስጥ ኑዛዜ ሲደረግ ማየት እንግዳ ነገር አይደለም።

ሕጉ ሦስት ዓይነት ኑዛዜ ያውቃል። በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በተናዛዡ ወይም ተናዛዡ እየተናገረ በሌላ ሰው ይጻፋል፤ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት ካልተነበበ፣ ይህም መፈጸሙና ቀኑ በጽሑፉ ላይ ካልተገለጸ፣ ተናዛዡና ምስክሮቹም ወዲያውኑ ካልፈረሙ ወይም የጣት ምልክት ካላደረጉ ፈራሽ ነው (አንቀጽ 881)። ከምስክሮቹ አንዱ ሥራውን በማከናወን ላይ ያለ ዳኛ ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን የተሰጠው ሰው ከሆነ ሁለት ምስክሮች ይበቃሉ። ሁለተኛው ተናዛዡ በገዛ እጁ ሙሉ በሙሉ የሚጽፈው ነው። ሦስተኛው የቃል ኑዛዜ ለሁለት ምስክሮች የሚነገር ሲሆን ወሰኑ ጠባብ ነው፤ ስለ ቀብር ሥርዓት፣ ስለ ልጆች አሳዳሪነትና ሞግዚትነት፣ እያንዳንዱ ከ500 ብር ስለማይበልጥ ስጦታ ብቻ ሊናገር ይችላል። ተናዛዡ ድነው ከሦስት ወር በላይ ከቆዩም ዋጋ አይኖረውም። «ቤቱን ለእገሊት ብለዋል፣ ሲስተርም ሰምታለች» የሚለው ክርክር በዚህ ምክንያት ብዙ ርቀት አይሄድም። 500 ብር ሕጉ በወጣበት ዘመን የነበረውን ዋጋ ዛሬ እንደሌለው የታወቀ ነው፤ ቁጥሩ ግን በሕጉ ላይ እንዳለ ነው።

ኑዛዜ የተናዛዡ የግል ሥራ ነው። በውክልና አይደረግም፤ ወኪልም ሆነ ሞግዚት ሊለውጠው ወይም ሊሽረው አይችልም። በፍርድ የተከለከለ ሰው ከተከለከለ በኋላ ኑዛዜ ማድረግ አይችልም። ያልተከለከለ ሰው ያደረገውን ኑዛዜ በአእምሮ ጉድለት ምክንያት ለማፍረስ የሚፈልግ ወራሽ፣ ጉድለቱ ኑዛዜው በተደረገበት ጊዜ በግልጽ የታወቀ እንደነበር ማስረዳት ይኖርበታል። የሕክምና ካርድ በፍርድ ቤት የሚጠየቀው አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ነው።

ለባለሙያው በቀጥታ የሚመለከተው ደግሞ ይህ ነው፦ ሟቹን ከመሞቱ በፊት ባሉት ስድስት ወራት ውስጥ ላከመው ሐኪም፣ ወይም ሐኪም ባይሆንም የሕክምና እርዳታ ለሰጠው ሰው የተደረገን የኑዛዜ ስጦታ ፍርድ ቤት ሊቀንሰው ወይም ሊሰርዘው ይችላል። ስጦታው ለዘመድ ወይም ለትዳር ጓደኛ ከሆነ ግን ይህ አይነሣም። በቤት ለቤት ሕክምና የተሠማራ ነርስ «ልጄ፣ አንቺ ነሽ ያየሽኝ፤ ይቺን መሬት ላንቺ» ሲባል የሚሰማው ደስታ ተገቢ ነው፤ ሆኖም በትሕትና ማለፍ ለራሱም ለቤተሰቡም የሚበጅ ነው። በተጨማሪም በሕይወት ሳሉ ቤትን በስጦታ ማስተላለፍ በግልጽ ለሚደረግ ኑዛዜ የተደነገገውን ሥርዓት መከተል አለበት (አንቀጽ 2443)፤ ተራ ወረቀት አይበቃም።

የቀለብ ግዴታ

አዛውንቱ ሀብት ከሌላቸው ጥያቄው ይገለበጣል፤ ማን ይጡራቸው? ጧሪ ቀባሪ ማጣት በኅብረተሰባችን ዘንድ ከድህነትም የከፋ ነው፤ ወላጅን መጦር የልጅ ወግ ነው ብለን ስለምናስብም በሕግ የተደነገገ ግዴታ መሆኑ ይዘነጋል። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ ከአንቀጽ 197 ጀምሮ እንደሚደነግገው ቀለብ ማለት ምግብ ብቻ አይደለም፤ መኖሪያን፣ ልብስንና የጤና እንክብካቤንም ይጨምራል። ግዴታው በወላጆችና በተወላጆች መካከል በሁለቱም አቅጣጫ፣ በወንድማማቾችና በእኅትማማቾች መካከል፣ እንዲሁም በቀጥታ መስመር ባሉ የጋብቻ ዘመዶች መካከል አለ። ቀለብ ጠያቂው ችግረኛ መሆንና ሠርቶ ለማደር የማይችል መሆን አለበት፤ መጠኑም በጠያቂው ፍላጎትና በሰጪው አቅም ይወሰናል። በክልሎች የየራሳቸው የቤተሰብ ሕግ ስላለ ዝርዝሩን በየአካባቢው ማጣራት ያስፈልጋል።

ብዙ ልጆች ባሉበት ቤት አንዷ ልጅ፣ አብዛኛውን ጊዜ ያላገባችው ወይም በቅርብ ያለችው፣ ሁሉንም ትሸከማለች። ሥራዋን ትታ የምታስታምም ልጅ ወንድሞቿንና እኅቶቿን ድርሻቸውን እንዲያዋጡ የመጠየቅ መብት ያላት መሆኑን ሲነግሯት ብዙ ጊዜ ትደነግጣለች፤ «ወንድሜን በእናቴ ልክሰስ?» ትላለች። ክስ ግድ አይደለም። ሽማግሌ ተቀምጦ በየወሩ ማን ምን ያህል እንደሚያዋጣ በጽሑፍ ቢያስፈርም ከብዙ ቅሬታ ያድናል። ቀለብ የመስጠት ሕጋዊ ግዴታ ያለበት ሰው ያለ በቂ ምክንያት እምቢ ቢል ግን በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአቤቱታ አቅራቢነት እንዲቀጣ ይፈቅዳል። መንግሥትም በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 መሠረት አቅም በፈቀደ መጠን አረጋውያንን የመርዳት ግዴታ አለበት፤ ይሁንና ዛሬም የአረጋውያን መጦሪያው በአብዛኛው የልጆች ቤት ነው።

ስለ ፈቃድና ስለ ምስጢር

በአንድ ጉዳይ ላይ የእኛው ልማድ ከሕጉ ጋር ይጋጫል። ማስተዋል ያላቸውን አዛውንት ትተን የቀዶ ሕክምና ፈቃድ ከልጃቸው እናስፈርማለን፤ የካንሰር ውጤትንም አስቀድመን ለልጆቹ እንነግራለን። አንቀጽ 20 ማንም ሰው የሕክምና ምርመራን ወይም ሕክምናን በማናቸውም ጊዜ እምቢ ለማለት እንደሚችል ይደነግጋል፤ ይህ መብት የሕመምተኛው ነው፣ አሳዳሪ ካለው ደግሞ የአሳዳሪው። ሕመምተኛው ማስተዋል እያላቸው ልጅ ስለፈረመ ብቻ የተደረገ ቀዶ ሕክምና ፈቃድ የሌለው ነው። አንዳንድ አዛውንት ግን «ለልጄ ንገሯት፣ እርሷ ትወስን» ይላሉ። ይህም የራሳቸው ውሳኔ ነውና ሊከበር ይገባል፤ በካርዱ ላይ በቃላቸው ይጻፍ እንጂ።

ምስጢርን በሚመለከት የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 399 ሐኪምን፣ ነርስን፣ አዋላጅንና ፋርማሲስትን ጨምሮ በሙያው ያወቀውን ምስጢር የሚገልጥ ባለሙያ በአቤቱታ እንደሚቀጣ ይደነግጋል። ልጅነት በራሱ ከዚህ ነጻ አያደርግም። ከዋሽንግተን ወይም ከሪያድ በስልክ ደውሎ «ልጃቸው ነኝ፣ የምከፍለውም እኔ ነኝ፤ ምን ተገኘባቸው?» የሚል ሰው ጭንቀቱ እውነተኛ ነው፤ የሚልከው ገንዘብ ሕክምናውን ያስቀጥላል። ይሁን እንጂ ገንዘብ መላክ የምስጢሩ ባለቤት አያደርግም፤ በስልክ የሚያናግረን ሰው ማን እንደሆነም አናውቅም። ቀላሉ መፍትሔ ሕመምተኛውን «ለማን እንንገር?» ብሎ አስቀድሞ መጠየቅና ስሙን መመዝገብ ነው። በውጭ ያለው ልጅ በኢትዮጵያ ኤምባሲ የሚያዘጋጀው ውክልና ደግሞ የሚያሠራው የራሱን ጉዳይ ነው። የአባቱን ንብረት ለማስተዳደር የሚያስፈልገው አባቱ እዚህ፣ ገና ማስተዋል ሳላቸው፣ የሚሰጡት ውክልና ነው፤ ይህን ለልጁ በዚያው የስልክ ጥሪ መንገር ይቻላል፤ በውስጡ የሕመምተኛው ምስጢር የለበትምና።